ክሱ ይቆይህ፣ ሥራውን ያዝ

ከቨርጂኒያ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ተረስቶ የቀረ ምድጃ የሚያጠፋ መሣሪያ ሠርተሃል፣ የአሜሪካ ፓተንትም (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አግኝተህበታል። ያሳየኸው ትልቅ ኩባንያ «አይጠቅመንም» ብሎህ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ግን ቁርጥ የአንተን የሚመስል ዕቃ መሸጥ ጀመረ። አሁን ሌላ ድርጅት ሊቀጥርህ ነው። አጎትህ ደግሞ «ሥራውን ተወው፣ ቤቴን አስይዤ ጠበቃ እቀጥርልሃለሁ፤ ፎርድን የረታው ሰውዬ ሚሊየነር ሆኗል» ይሉሃል።

የሰውዬውን ታሪክ ሙሉውን ልንገርህ። ሮበርት ከርንስ ይባላል፣ ዲትሮይት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ትንሽ እየቆመ የሚጠርግ የመኪና መስታወት የዝናብ መጥረጊያ ሠራ፣ በፈረንጆች 1964 የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። ለፎርድም አሳየ። ፎርድ በ1969 እንዲህ ያለ መጥረጊያ መኪኖቹ ላይ አወጣ። ክስ ሲመሠረትበት «ክፍሎቹ ሁሉ ከገበያ የሚገዙ ናቸው፣ ምኑ ነው አዲስ?» ብሎ ተከራከረ። አንተንም እንዲሁ ብለውሃል አይደል? ከርንስ የከሰሰው በ1978 ነው። የተፈረደለት በ1990። 12 ዓመት! ከፎርድ ያገኘው 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ግን ሰውዬው የፈለገው መጥረጊያውን ራሱ ማምረት ነበር፤ ፍርዱ ሲመጣ የዋናው ፓተንት ዘመን አልፎ ነበር። ትዳሩም ፈርሷል። በኋላ ክራይስለርንም ረታ። በሌሎች መኪና አምራቾች ላይ የከፈታቸው ክሶች ግን ራሱ እየተሟገተ ቀነ ገደብ ስላለፈበት ተዘጉ። እውነቱ ከእሱ ጋር ነበር፣ ግን እልህ ምላጭ ያስውጣል።

ስለዚህ ሥራውን ያዝ። መብትህንም አልጣልክም። በአሜሪካ ሕግ የፓተንት ጥሰት ካሳ ክሱ ከተከፈተበት ቀን ወደ ኋላ 6 ዓመት ድረስ ይጠየቃል። ነገ ጠዋት መክሰስ የለብህም። አስፈራሪ ደብዳቤ ልከህ ግን ለዓመታት ዝም እንዳትል፤ «ትቶታል» ብለው ይይዙብሃል። ካሸነፈ ከካሳው የሚካፈል ጠበቃ ፈልግ። አምስት ጠበቆች አይተው አምስቱም እንቢ ካሉ፣ የአጎትህን ቤት ከማስያዝ በፊት ለምን እንዳሉ ጠይቅ። ለፓተንቱ ማቆያ የሚከፈለውንም አትርሳ፤ የመጀመሪያው ፓተንቱ ከተሰጠ 3 ዓመት ተኩል ላይ ነው። ካልከፈልክ መብቱ ይሞታል። ደሞዝ የሚያስፈልግህ ለዚህም ነው።

አሁን ዋናው ነገር። የምትፈርመው ኮንትራት ውስጥ «ሠራተኛው የሚፈጥረው ሁሉ የድርጅቱ ነው» የሚል አንቀጽ መኖሩ አይቀርም። ብዙ ጊዜ ከኋላው ቀድሞ የነበሩህን ፈጠራዎች የምትዘረዝርበት ገጽ ይኖራል። ልጆቻችን ሥራ በማግኘት ደስታ ያችን ገጽ ባዶ ትተው ይፈርማሉ። አንተ የፓተንት ቁጥርህን ጻፍባት፣ ገና ያልጨረስካቸውንም ሐሳቦች በአጭሩ ጻፍ። ገጹ ከሌለ ጠይቅ። በድርጅቱ ሰዓትና ኮምፒውተር የራስህን ነገር አትሥራ።

እኔ 11 ዓመት በአንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። ያሻሻልኩት የማሸጊያ ማሽን በአለቃዬ ስም ተመዘገበ። ምን እንደፈረምኩ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ተቃጥያለሁ፣ ግን ሥራዬን አልተውኩም፤ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያ ደሞዝ ነው።

አጎትህ ስለሚወዱህ ነው፣ ይገባኛል። ግን ቤቱ የልጆቻቸውም ነው፣ በአንተ ክስ መያዝ የለበትም። ይህን በግልጽ ንገራቸው፣ ቢቆጡም። ለእናትህ የምትልከው ብር ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ላይ ሊንጠለጠል አይችልም።

ልማር ያልከው ማስተርስ ይቆይ፤ አንዳንድ ቀጣሪዎች የትምህርቱን ክፍያ ከፊሉን ይከፍላሉ፣ ሰኞ ለድርጅቱ ስትደውል ጠይቅ። ያችን ገጽ ከሞላህ በኋላ ግን ሳትፈርም በፊት ላክልኝ፣ አብረን እናያታለን።