ነጻ ማደሪያ ስንት ያስወጣል? (ጥያቄና መልስ)

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ከጅማ ሰፈሮችና ከዙሪያዋ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገጥማሉ፦ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው፣ በስንትስ ብር? ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። የባልና ሚስት ክርክር የተቀላቀለባቸውን ደግሞ ክርክሩን ለባለቤቶቹ ትቼ ጥያቄውን ብቻ ወስጃለሁ።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ስድስት ነን። ሐምሌ ላይ ለአምስት ቀን ቦንጋ ሄደን ደኑንና ፏፏቴውን ብናይ ምን ይመስልዎታል?

ቦታው ሸጋ ነው፣ ወሩ ግን አላማረኝም። ቦንጋ ከጅማ በሸቤ በኩል ጎጀብን ተሻግሮ መቶ ኪሎ ሜትር አለፍ ቢል ነው፤ አስፋልት ስለሆነ መድረሱ አያስቸግርም። ችግሩ የሚጀምረው ከአስፋልቱ ሲወርዱ ነው። ወደ ባርታ ፏፏቴም ሆነ ወደ እግዜር ድልድይ የሚያደርሰው የእግር መንገድ በሐምሌ ያዳልጣል፤ ትንንሽ ልጆች ይዞ ቁልቁል መውረድ ያስመርራል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያይል ስድስት ሰው ክፍል ውስጥ ተፋጦ ይቀመጣል፤ የሁለት ክፍል ኪራይ ግን መቁጠሩን አያቆምም።

ከተቻለ በሁለቱ ሴሚስተሮች መካከል ወዳለችው ዕረፍት አዛውሩት፤ ጥር መጨረሻ አካባቢ መሬቱ ደርቆ ይጠብቃችኋል። ፏፏቴውን ሞልቶ ማየት የሚፈልግ ደግሞ የመስከረም መጨረሻን ይምረጥ። የግድ ሐምሌ ከሆነ አምስቱን ቀን ወደ ሁለት ሌሊት አውርዱት፤ ለያንዳንዱ ሰው ቦቲ ጫማ ያዙ፤ ጠዋቱን ለደኑ፣ ከሰዓቱን ለብሔራዊ ቡና ሙዚየም መድቡ። ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር (ጥብቅ የተፈጥሮ ክልል) አካል ነው፤ የአካባቢውን አስጎብኚ ይዛችሁ ግቡ። ክፍያው በሰው ነው ወይስ በቡድን የሚለውን ሳትነሱ ጠይቁ፤ ለስድስት ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከመንደራ፦ ዘንድሮ እጃችን አጥሯል። ተበድረን ብንሄድስ?

አትሂዱ።

ከቆጪ፣ የሦስት ልጆች እናት፦ በየዓመቱ ክረምት ሁለት ሳምንት አዲስ አበባ የባለቤቴ እህት ቤት እናርፋለን። ለማደሪያ አምስት ሳንቲም አንከፍልም። ስንመለስ ግን ለደብተር መግዣ እንኳ አይተርፈንም። ብሩ የት ነው የሚገባው?

እህቴ፣ ዝርዝሩን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ተደምሮ ስላላየሽው ነው። ከጅማ ባዶ እጅ አይኬድምና ቡናው፣ ማሩ፣ ቅቤው አለ። ከተማው መሐል በደረሳችሁ ቁጥር ለአምስት ሰው የታክሲ ደርሶ መልስ አለ። የአክስት ልጆች ሲያዩ ዝም አይባልም። አንዷ ወልዳለች፣ አንዱ ቤት ለቅሶ አልደረሳችሁም፤ የሚገባበት ደጅ ሁሉ እጅ ያያል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ ይሉኝታው ይጠነክርና አስቤዛውን የምትገዙት እናንተ ትሆናላችሁ። ሆቴል ሒሳቡን በአንድ ወረቀት ያመጣል፤ የዘመድ ቤት ወጪ ግን በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ስለሚወጣ ማንም አይጽፈውም።

አሁን ከአስተናጋጇ በኩል እዪው። አምስት ሰው በቀን ሁለት ሁለት እንጀራ ቢበላ በ14 ቀን 140 እንጀራ ነው። ያንን የሚጋግረው ማን ነው? ወይ እሷ ወይ አንቺ። ባለቤትሽ ከወንድሞቹ ጋር ሳሎን ሲጨዋወት አንቺ ማጀት ከሆንሽ፣ ለዕረፍት የሄዱት አራት ሰዎች ናቸው፤ አንቺ የሥራ ቦታ ነው የቀየርሽው። (ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢለት።)

ዝምድናው ይቅር አልልም። ሁለቱን ሳምንት ግን ወደ አራት ሌሊት አሳጥሪው። የመመለሻ ቲኬት አዲስ አበባ በገባችሁ ማግስት ይቆረጥ፤ ቲኬት ካልተያዘ «ዛሬማ አትሄዱም» የምትል አንዲት ቃል ሦስት ቀን ትጨምራለች። የተንጠባጠበውን ስጦታ በአንድ ጊዜ ተገላገሉት፦ በገባችሁበት ቀን 10 ኪሎ ጤፍና 3 ሊትር ዘይት በቂ ነው። ብር ከሆነ ለቤቱ እመቤት በእጇ ይሰጥ፣ ለባሏ አይደለም። አልቀበልም ማለቷ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ትልቁን ልጅሽን አስቤዛ ላኪውና ገዝቶ ይግባ። እንጀራውን ለአራቱ ቀን ከሰፈር ጋጋሪ እዘዙ፤ ሁለታችሁም ከምጣድ ትድናላችሁ። ሊጠየቁ የሚገባቸውን ዘመዶች ደግሞ እሑድ ምሳ ላይ አንድ ቤት ሰብስቧቸው፤ አምስት ደጅ ከመዞር ያ ይቀላል።

ከተረፈው ብር ሁለት ሌሊት ለብቻችሁ ይሁን። ከመንገዱ ሳትወጡ ወሊሶ አለላችሁ፤ ፍል ውሃ አለው፣ አየሩም ደኅና ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ከአዲስ አበባ ጅማ የሚነሱት አውቶቡሶች ሞልተው ስለሚያልፉ ወሊሶ ላይ ቆሞ ለአምስት ሰው ወንበር መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። በጠዋት በሚኒባስ ወልቂጤ ድረሱ፣ ከዚያ ወደ ጅማ የሚጭን ያዙ። እንዲህ ከሆነ የመመለሻ ቲኬታችሁ እስከ ወሊሶ ብቻ ይቆረጥ፤ ያለበለዚያ ላልተቀመጣችሁበት መንገድ ትከፍላላችሁ።

ከቦሳ አዲስ፦ ሆቴሉ በስልክ 2,000 ብር አለን። ስንወጣ 2,530 አስከፈለን። ተጭበረበርን?

አልተጭበረበራችሁም፣ አልጠየቃችሁም እንጂ። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመር 2,200 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲሰላ 2,530 ይመጣል። ቀጥሎ ስትደውሉ «ሁሉ ነገር ተጨምሮ የመጨረሻው ስንት ነው?» በሉ። ቁርሱ ለስንት ሰው እንደሆነና ተጨማሪ ፍራሽ እንደሚያስከፍል እንደማያስከፍልም አብራችሁ ጠይቁ፤ ለልጆች ሁለተኛ ክፍል ከመያዝ አንድ ፍራሽ መሬት ላይ ማስነጠፍ ብዙ ያድናል።

ከአጂፕ፦ ከጎረቤት ጋር 11 ሆነን ሚኒባስ ለሦስት ቀን ኮንትራት ልንይዝ ነው። ሾፌሩ «ሁሉንም ጨምሬ ነው» ብሏል። እንመነው?

እመኑት፣ ግን ጻፉት። ነዳጁ በማን ነው? የሾፌሩ ምግብና አልጋስ? መኪናው ቆሞ የሚውልበት ቀን ሙሉ ይከፈላል? መንገድ ላይ ቢበላሽ ሌላ መኪና የሚያመጣው ማን ነው? ጠብ የሚነሳው ዘወትር በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነው። ቀብድ ከሲሶው አይለፍ፤ ቀሪው ጅማ ተመልሳችሁ ስትወርዱ ይከፈል። መኪናውን በዓይናችሁ እዩ፦ ዓመታዊ ምርመራውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ጊዜው አላለፈም? ስኮርታው ነፋስ አለው? ክሪክስ አለ? ሌላ መስመር ላይ የሚሠራ ከሆነ ከመስመሩ ለመውጣት ፈቃድ መያዙን ጠይቁት፤ አለዚያ ኬላ ላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።

11 ሰው ከሾፌሩ ጋር ባለ 12 ወንበሩን ይሞላዋል፤ ሻንጣ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል ማለት ነው። በክረምት ያለ ሸራ አታስጭኑ። የጊቤን ቁልቁለት ደግሞ በቀን ውረዱት። ሾፌሩ «ሌሊት መንገዱ ነጻ ነው» ካለ ሌላ ሾፌር ፈልጉ።

ከጊንጆ፦ ልጄ መኪና ላይ ያስመልሰዋል።

ፊት ወንበር፣ የተከፈተ መስኮት፣ ከጉዞው በፊት ወተት ሳይሆን ደረቅ ዳቦ፤ ስልክ አይያዝ፤ ፌስታል እጃችሁ ላይ ይሁን። መድኃኒት ከፈለጋችሁ ፋርማሲ ጠይቁ።

ከሰርቦ፦ ግልገል ጊቤ ግድብ ዳር ቤተሰቡ ሰብሰብ ብሎ ሊያድር ነው። የስምንት ወር ሕፃን አለን፤ ወባው ያሰጋል? የሚሰጥ መከላከያ ካለ ስሙን ይጻፉልን።

ያሰጋል። ስሙን ግን አልጽፍም። ለስምንት ወር ልጅ የሚሰጠውም የማይሰጠውም በኪሎው ስለሚወሰን ከመሄዳችሁ በፊት ሕፃኑን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ግቡ፤ ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው። የወባ ትንኝ በዋናነት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ቀላሉ መፍትሔ አለማደር ነው፤ ጠዋት ሄዳችሁ 10 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ካደራችሁ ሕፃኑ ከመምሸቱ በፊት በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ውስጥ ይግባ፣ ጫፉም ከፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ። ነፍሰ ጡር ካለች እሷም ጤና ጣቢያ ሄዳ ትጠይቅ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከታየ፣ ከሳምንት በኋላም ሆነ ከወራት በኋላ፣ በዚያው ቀን ደም ይመርመር፤ ጉዞውንም ለሐኪሙ ንገሩ። ዓምና ከተረፈ ኮአርተም ቆርሶ መስጠት በፍጹም አይሆንም።

ከኪቶ፦ ለሦስት ልጆች አንድ ቀን ብቻ፣ ከጅማ ሳንወጣ?

ጅሬን። ጅማ ተወልዶ አድጎ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በፎቶ ብቻ የሚያውቀው ሰው ብዛቱ ይገርማል። በጠዋት በባጃጅ ውጡ፣ ቤተ መንግሥቱን እዩ፣ ከኮረብታው ላይ ሆናችሁ ከተማውን ተመልከቱ፣ ምሳችሁን ከያዛችሁት ብሉ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን በእግር ውረዱ፤ የባጃጁ ወጪ በግማሽ ይቀንሳል። ከሰዓት በኋላ የጅማ ሙዚየም ግቡ፤ የንጉሡ ዕቃዎች እዚያ ናቸው። ቦዬ ሄዳችሁ ወፎቹን ብታዩም ጥሩ ነው፣ ግን ጉማሬ ያለበት ውሃ ነውና ዳሩን አትጠጉ፤ ሲመሽ ለግጦሽ ስለሚወጣ ከዚያ በፊት ተመለሱ።

ከዚያው ከኪቶ፦ ለመንገድ የማይበላሽ ስንቅ?

ጭኮ። ለአምስት ሰው 1 ኪሎ በደንብ የተነፋ በሶና ግማሽ ኪሎ ያህል የተነጠረ ቅቤ ይበቃል። ቅቤው ለብ ብሎ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርና ጨው ተነስንሶ በእጅ ሲጨብጡት እስኪያያዝ ይታሻል። የሚበላሸው ቅቤው አረፋው ሳይጠፋ ከእሳት ሲወርድ ነው፤ ውስጡ የቀረው ውሃ ያሻግተዋል። እርጥብ ማንኪያም እንዲሁ። ገብሱ በደንብ ካልተቆላ ደግሞ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ የልጆችንም ሆድ ይነፋል። ጊቤ በረሃ ሲደርስ ስለሚላላ በፌስታል ሳይሆን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ተጠቅጥቆ ይያዝ። ወጥ የነካው ፍርፍር ግን እስከ ሰቆሩ ካልተበላ አይቆይ።