ሚድ (የአጋማሽ ፈተና) ተበላሽቶብሽ ልመለስ ወይ ላልሽው
እህቴ፣ «ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከገባሁ ሁለት ወሬ ነው፤ ሚድ ተበላሸብኝ፣ ማታ ማታ አለቅሳለሁ፣ ትቼው አገሬ ልግባ?» ብለሻል። እባክሽ አሁን አትወስኚ። እኔም ፍሬሽ (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) እያለሁ የሒሳብ ሚድ ከ30 9 አምጥቼ ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር። ያስቀረችኝ የዶርሜ ልጅ ናት፤ የሲዳማ ልጅ። ቅዳሜ ጠዋት እጄን ይዛ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወሰደችኝ። ሰዎቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በቢላ ሲበልቱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ሰብረው ትርፍራፊ ሲጠብቁ እያየን፣ ለቤተሰቤ ያልነገርኩትን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ለብቻዬ አላጠናሁም። ማታ 1 ሰዓት ላይብረሪ አብረን እንገባለን፤ ያልገባኝን እሷ ታስረዳኛለች፣ ያልገባትን እኔ።

አንቺም የፈተና ወረቀትሽን ይዘሽ መምህሩ ቢሮ ሂጂ። ብዙ ፍሬሽ ይፈራል፤ ግን የሳትሽውን ቁጭ ብሎ የሚያሳይሽ አታጪም። የሴቶች ጉዳይ ቢሮም ቲቶሪያል (ማጠናከሪያ ትምህርት) ካለ ጠይቂ፣ ፋይናሉ ገና ነው። የግድ መሄድ ካለብሽ ደግሞ ዝም ብለሽ እንዳትጠፊ፤ ሬጅስትራር ሄደሽ ዊዝድሮው (ትምህርት ማቋረጫ ፎርም) ሙዪ፣ አለዚያ መመለሻው ይከብድሻል።

ዛሬ ማታ ግን እናትሽ ጋ ደውዪ። ደህና ነኝ አትበያት፣ ከፍቶኛል በያት።