ለጀማሪ ቢዝነስ አናሊስቶች፦ «ፈጣን ይሁን» ብላችሁ አትጻፉ

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

አንዳንዶቻችሁ የሪኳየርመንት (ሲስተሙ ማሟላት ያለበትን የሚዘረዝር) ሰነዳችሁን እንዳይላችሁ ትልኩልኛላችሁ። ሰነዶቹ ያምራሉ፤ ሽፋንም ማውጫም አላቸው። ገባ ብዬ ሳነብ ግን «ሲስተሙ ፈጣን መሆን አለበት»፣ «ለአጠቃቀም ቀላል ይሁን»፣ «እንደ አስፈላጊነቱ ሪፖርት ያወጣል» የሚሉት ይበዙብኛል።

«ፈጣን» ሲባል ለማን ነው? ለፕሮግራመሩ አምስት ሰከንድ ምንም አይደለም። ደንበኛ ፊቱ ቆሞ ለሚያየው ሠራተኛ ግን አምስት ሰከንድ ረጅም ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የርክክብ ዕለት ሲጣሉ ግን መሃል ገብታችሁ የምትዳኙት እናንተ ናችሁ። እንዲህ ብትጽፉትስ? «200 ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲስተሙን እየተጠቀሙ፣ ከ100 የደንበኛ ፍለጋዎች 95ቱ በ2 ሰከንድ ውስጥ ውጤት ያሳያሉ።» አሁን ሲስተሙን የሚፈትነው ቴስተር የሚለካው ነገር አገኘ። ገንዘብ የሚከፍለውም «3 ሰከንድ ቢሆን ስንት ይቀንስልኛል?» ብሎ መደራደር ይችላል። ቁጥሩን ግን ከራሳችሁ አትፍጠሩት። ሥራው ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ እዩ።

ሌላው ነገር፣ ሰው ምን እንደሚፈልግ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ራሱ ያሰበውን መፍትሔ ነው። አንድ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ «በየጠዋቱ የሁሉም ኢንቮይሶች ዝርዝር በኤክሴል ይውጣልኝ» አሏችሁ እንበል። እሺ ብላችሁ አትሩጡ። «ዝርዝሩ ሲደርስዎት መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?» በሏቸው።

«30 ቀን ያለፋቸውን ፈልጌ ቢጫ እቀባቸዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ለዕዳ ሰብሳቢዎቹ እልካለሁ።»

በቃ፣ ነገሩ ወጣ። ሰውዬው የሚፈልጉት ጊዜው ያለፈበት ሒሳብ ቶሎ ሰብሳቢው ዘንድ እንዲደርስ ነው። ይህ ያለ ኤክሴልም ይሆናል። ደግሞ «ለምን?» እያላችሁ አታፋጥጡ። ለምን ሲባል ሰው ምክንያት መደርደር ይጀምራል። «ከዚያስ?» ሲባል ግን ሥራውን ይተርክላችኋል።

«ጽፌዋለሁ እኮ» ማለትም አያድንም። የናሳ መንኮራኩር ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር በ1999 እንዴት እንደጠፋች አንብቡ። ሰነዱ የሞተሮቿ ግፊት መጠን በኒውተን ሰከንድ ይሰጥ ይላል። ምድር ላይ ያለው ሶፍትዌር ግን በሌላ መለኪያ፣ በፓውንድ ሰከንድ አወጣው። ልዩነቱ ከ4 እጥፍ ይበልጣል። ሰነዱ ትክክል ነበር፤ ሶፍትዌሩ በሰነዱ መሠረት መሥራቱን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአግባቡ የፈተነ አልነበረም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሪኳየርመንት የራሱ ቁጥር ይኑረው። ማን እንደጠየቀው፣ ለምን እንደተጠየቀና የትኛው ቴስት እንደሚያረጋግጠው ከጎኑ ይጻፍ። ጂራ የሚባለውን የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ተጠቀሙ ኤክሴል፣ ለእኔ ግድ የለኝም። የተሰረዘውን ቁጥር ግን ለሌላ አትስጡት፤ ኋላ ላይ መያዣ መጨበጫው ይጠፋባችኋል።

ደግሞ «ይቺን ብቻ ጨምሩልኝ» የምትባል ነገር አለች። ኮሪደር ላይ፣ እየሄዱ የምትነገር። ፎርሙ ላይ አንዲት ሳጥን ናት ይባላል። ሳጥኗ ግን ዳታቤዝ ውስጥ ቦታ ትፈልጋለች። ሪፖርቱ ላይ መታየት አለባት። ማን ያያታል፣ ማን ይቀይራታል? ከዚህ በፊት በተመዘገቡት ላይስ ባዶ ትሁን? እምቢ አትበሉ፤ እሺም አትበሉ። ጻፏት፣ የምትነካካውን ሁሉ ዘርዝሩ፣ ከዚያ መወሰን ለሚችለው ሰው ውሰዱለት።

ቅደም ተከተል ላይ ብዙ አልልም። የሶፍትዌር ባለሙያው ዳይ ክሌግ በ1994 ያመጣው የሞስኮ (MoSCoW) ዘዴ ይበቃችኋል፤ ስሙ ከከተማዋ ሳይሆን ከአራቱ ረድፎች የእንግሊዝኛ ስሞች መነሻ ፊደላት የመጣ ነው፦ የግድ የሚሠራ፣ መሠራት የሚገባው፣ ቢሠራ ጥሩ የሆነ፣ በዚህ ዙር የማይሠራ። መጨረሻው ረድፍ ባዶ ከሆነ ገና ማንም ምርጫ አላደረገም ማለት ነው።

ሰነዱን ለማጽደቅ ስትልኩ «እስከ ሐሙስ መልስ ካልሰጣችሁ እንደተስማማችሁ እንወስዳለን» የምትል መስመር መጨመር ተለምዷል። እኔ አልወዳትም። ዝም ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ሰነዱን አልከፈተውም። ደውሉለት። እሱን የሚመለከቱትን ሁለት ሦስት ገጾች ብቻ ይዛችሁ ሂዱና አብራችሁት አንብቡ።