የጫማው ክር አልገጥም ላላችሁ፦ ጥያቄና መልስ

አባቴ ደብረ ማርቆስ ላይ ጫማ ሰፊ ነበር። እኔ ደግሞ ባሕር ዳር ጫማ ሱቅ ውስጥ ስምንት ዓመት ቆሜ ሸጫለሁ። የእግሬ ጀርባ ጉብ ያለ ነው፤ ከሱፍ ጋር የሚሄድ ጫማ ለማግኘት ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው። ይህን አንድ ቀን ባወራ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን እመልሳለሁ። «የእግር ጀርባ» ስል ክር የሚያርፍበትን፣ ከጣት ሥር እስከ ቁርጭምጭሚት መታጠፊያ ያለውን የላይኛውን ክፍል ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ 42 ቁጥር ነው የማደርገው። ርዝመቱ ልክ ነው፤ ክሩን ሳስር ግን ሁለቱ ጎን አይቀራረብም። 43 ብገዛስ?

ተው ወንድሜ። ሁላችንም እዚህ ጋ ነው የምንሳሳተው። በአውሮፓ ቁጥር አንድ ቁጥር መጨመር ማለት ርዝመቱ ላይ 6.7 ሚሊሜትር ያህል መጨመር ነው። አንተ የጠበበህ ከላይ ነው፤ ርዝመት አልጎደለህም። ቁጥሩ ሲያድግ ዙሪያውም ትንሽ ስለሚሰፋ ሱቅ ውስጥ «አሁን ተመቸኝ» ትላለህ። ቤትህ ስትደርስ ተረከዝህ ይወጣል፣ ይገባል።

እኔ አንድ ጊዜ ሚዜ ስሆን እንዲሁ አድርጌያለሁ። ሻጩ «ቆዳ ነው፣ ይለምዳል» አለኝና 43 ገዛሁ። እስክስታው ሲደምቅ የግራ ጫማዬ ወልቆ ቀረ። ጓደኛዬ ጫፉ ላይ ጥጥ ጎሰጎሰልኝ። ጥጡ ተረከዝ አልያዘ፣ ምን አልያዘ፣ ጣቴን ብቻ አጣበበው። ደግሞ ትልቅ ጫማ የሚታጠፍበት ቦታ ከእግርህ መታጠፊያ ይቀድማል። ጫማው ያለቦታው ይሸበሸብና ቆዳው ጣትህ ላይ ይቆነጥጣል።

ርዝመቱን ልክህን ያዝ። መቀየር ያለበት የጫማው ዓይነት ነው።

ከቡሬ፦ ታዲያ የትኛው ዓይነት? ሠርጌ ጥር ላይ ነው። ጥቁር ሱፍ አሰፍቻለሁ።

እንኳን ደስ አለህ! ደርቢ የሚባለውን ፈልግ። ሻጩ ስሙን ላያውቅ ስለሚችል አንተ በዓይንህ ለየው። ክር የሚገባባቸውን ሁለት ክንፎች በጣትህ አንሳቸው። ከሥራቸው ጀምረው እንደ መስኮት ከተከፈቱና የፊተኛው ቆዳ ላይ ከተደረቡ ደርቢ ነው። ክንፎቹ ከፊተኛው ቆዳ ሥር ገብተው ከተሰፉ፣ ከታች ጥርቅም ብለው ከላይ ብቻ ከተከፈቱ፣ ኦክስፎርድ ነው። ኦክስፎርድ ለእኛ እግር ጠላት ነው። ስታስረው ከላይ ተበልጥጦ እንደ «V» ይቀራል፤ ከሱፍ ሥር ደግሞ ይኸው መጀመሪያ ይታያል።

የደርቢ ዘመድ ብሉሸር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1815 ዋተርሎ ላይ ናፖሊዮንን ከተዋጉት አንዱ የነበረው የፕሩሲያው ጄኔራል ብሉሸር ወታደሮቹ ቶሎ አጥልቀው እንዲወጡ እንዲህ ክፍት ጫማ አሠራላቸው ይባላል። ለወታደር የተባለው ለሙሽራም ሆነ።

«ለሠርግ ኦክስፎርድ ነው ደንቡ» የሚልህ አይጠፋም። ጌጥ የሌለው፣ ቀዳዳ ያልተበሳሳ ጥቁር ደርቢ ሊስትሮው በደንብ ካንጸባረቀው ከሱፍህ ጋር ምንም አይጎድለውም። ያንን ቀን ሙሉ የምትቆምበት አንተ ነህ፤ ሰው የሚያየው ሙሽራዋን ነው።

ስትሞክረው ክሩን ጠበቅ አድርገህ እሰርና ሁለቱን ክንፍ ተመልከት። በመካከላቸው አንድ ጣት የሚያክል ክፍተት ካለ፣ ከላይ እስከ ታችም እኩል ከሆነ፣ ውሰደው። ገና በአዲስነቱ ክንፍና ክንፍ ከተገናኘ ሰፍቶሃል፤ ቆዳው ሲላላ ማጥበቂያ አይኖርህም።

ከሞጣ፦ አያ፣ ሞካሲን እወዳለሁ። ለእኛ አይሆንም?

ክር የሌለው ጫማ የሚይዝህ በእግር ጀርባህ ብቻ ነው፤ አንተ ያለህ ችግር ደግሞ እሱ ነው። ሲያስገቡት ይታገላል፣ ከገባ በኋላ ይነክሳል። የግድ ካልክ ምላሱ ግራና ቀኝ ላስቲክ ያለበትን ምረጥ። ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስደህ ላስቲክ ማስገባትም ይቻላል። በዘለበት የሚታሰረው ይሻልሃል፤ ቀበቶው ረዘም ያለና ቀዳዳው ብዙ ይሁን።

ከዳንግላ፦ አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስቆም የእግሬ ጀርባ ላይ ያለው አጥንት ያመኛል፣ ማታ ላይ ጣቴ ይደነዝዛል። ጫማው ደርቢ ነው።

ጫማው ሳይሆን የክሩ አስተሳሰር ይመስለኛል። ማታ ካልሲህን ስታወልቅ ቆዳህን እይ። ክሩ የተጠላለፈበት መስቀል ምልክት ልክ ጉብ ያለው አጥንት ላይ ታትሞ ካገኘኸው ጉዳዩ አለቀ። እዚያ ጋ ነርቭና ደም ሥር ከቆዳው ሥር ቅርብ ነው፤ ክሩ ሲጫነው ይደነዝዛል።

እንዲህ አድርግ። ክሩን ሙሉ በሙሉ ፍታው። ከታች ያሉትን ሁለት ጥንድ ቀዳዳዎች እንደወትሮው በመስቀለኛ አጥልቅ። ጉብ ያለው ቦታ ላይ ስትደርስ አታሻግረው፤ በዚያው በወጣበት ጎን ቀጥ ብሎ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ይውጣ። ግራው በግራ፣ ቀኙ በቀኝ። ከዚያ በላይ መስቀሉን ቀጥል። አጥንቱ ላይ የሚያልፍ ክር አይኖርም።

ሌላም አለ። ጫማህ ውስጥ ከእግርህ ሥር የተነጠፈ፣ የሚወጣ ገበታ ካለ አውጥተህ ሞክር። ሦስት ሚሊሜትር እንኳ ከወረደ ልዩነቱ ይገርምሃል። ወፍራም ካልሲም በቀጭን ለውጥ። ጫማውን አውልቀህ ካደርክ በኋላም ድንዛዜው ካልለቀቀ ግን ወደ ሐኪም ሂድ።

ከባሕር ዳር፦ የገዛሁትን መመለስ አልቻልኩም። ይሰፋል?

ቆዳ ከሆነ፣ አዎ፣ በመጠኑ። ቆዳ ወደ ጎንና ወደ ላይ ይለጠጣል፤ ወደ ርዝመት ግን አይለጠጥም ማለት ይቻላል። ቆዳ መሳይ ከሆነ ድካም ነው፤ ትሰፋዋለህ፣ ተመልሶ ይኮማተራል። የተቆረጠውን ጠርዝ እይ። ጭራ ጭራ ያለ ከሆነ ቆዳ ነው፤ ከሥሩ ጨርቅ ከታየህ አይደለም።

አባቴ የሚያደርገውን ልንገርህ። ቆዳውን ከውስጥ በኩል በእርጥብ ጨርቅ ያረጥበዋል። ፎርማውን ማለትም የእንጨት እግሩን ያስገባል። ፎርማው ጀርባ ላይ ግን አስቀድሞ ቁራጭ ቆዳ ይለጥፋል፣ የባለቤቱን ጉብታ እንዲመስል። ይህችን ቁራጭ ነው ብዙው ጫማ ሰፊ የሚረሳት፤ ያለሷ ጫማው ወደ ጎን ብቻ ይሰፋል። ከዚያ ክሩን አስሮ አንድ ሁለት ቀን ጥላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ፀሐይ አይነካውም፤ ከሰል ዳር የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል። የፈላ ውኃ የሚሉህን አትስማ።

ከደጀን፦ ለመግዛት የቱ ሰዓት ይሻላል?

ከሰዓት በኋላ። እግር ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ያብጣል። አንተ ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥተህ፣ የዓባይን በረሃ ወርደህና ወጥተህ እንደደረስክ ብትሞክር ከእውነተኛ ልክህ በላይ ነው የምትገዛው፤ ትንሽ ተራመድና ሞክር። ሁለቱንም እግር ሞክር፣ ቆመህ ሞክር። የአብዛኛው ሰው አንድ እግር ከሌላው ይበልጣል፤ የምትገዛው ለትልቁ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ለባለቤቴ ሳያውቅ ልገዛለት ፈልጌ ነበር።

እህቴ፣ ካልሲ ግዢለት። ጫማውን አብራችሁ ሂዱ።

ከደምበጫ አካባቢ፦ አባታችን ዕድሜያቸውን በባዶ እግርና በበረባሶ ነው ያረሱት። ለእህቴ ሠርግ ጫማ ብንገዛላቸው እግራቸው አልገባ አለ። አንዱ እግራቸው ከሌላው ወፍሯል። «ድሮም ወፍራም ነው» ይላሉ።

ይህ የጫማ ጥያቄ ላይሆን ይችላል። በባዶ እግር ያደገ ሰው እግሩ ፊቱ ላይ ሰፊ መሆኑ ያለ ነው፤ ጣቱ ተዘርግቶ አድጓልና። አንዱ እግር ብቻ ከወፈረ ግን ጤና ጣቢያ ያሳዩዋቸው። ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት በምሥራቅም በምዕራብ ጎጃምም ደጋው ላይ አለ። ሰው ዝሆኔ ይለዋል። ይህኛው ከትንኝ አይመጣም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እንዲያውም የሚያሳዝነው ሰው እንደ እርግማን ቆጥሮ መደበቁ ነው። በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ አድርቆ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ቀድሞ ከተጀመረ ብዙ ይረዳል። እብጠቱ በድንገት ከመጣና ካመማቸው ደግሞ በዚያው ቀን ይሂዱ።

ለሠርጉ? ሰፊ አፍ ያለው፣ እስከ ጣቱ ድረስ የሚከፈት ደርቢ ይሞክሩላቸው። ካልሆነም ንጹሕ ክፍት ጫማና ነጭ ጋቢ። አባት ናቸው፣ ማን ይናገራቸዋል።

ከእንጅባራ፦ ስኳር አለብኝ፤ እግሬ ብዙም አይሰማኝም። እኔስ?

ጋሼ፣ ለእርስዎ «ይለምዳል» የሚባል ጫማ የለም። ሲገዙ ያልተመቸዎትን አይውሰዱ፤ ሕመሙ ስለማይሰማዎት ቁስሉን የሚያዩት ዘግይተው ነው። አዲስ ጫማ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ያድርጉ፣ አውልቀው እግርዎን ከላይም ከታችም ይመልከቱ። ጫማውን ከማድረግዎ በፊት እጅዎን አስገብተው ውስጡን ይዳስሱ፤ የበቀለ ምስማር ወይም ጠጠር አይጠፋም።

ከባሕር ዳር፦ አዲስ ጫማ በልኬ ባሰፋስ? ጫማ ሰፊውን ምን ልበለው?

እኔም በመጨረሻ ያረፍኩት በማሰፋት ነው። ርዝመት ብቻ ለክቶ «ነገ ና» የሚልህን እለፈው። በሜትር ሦስት ቦታ ይለካህ፦ በአውራ ጣት ሥር ዙሪያውን፣ ጉብታው ላይ ዙሪያውን፣ ከዚያ ከተረከዝ ጫፍ ተነሥቶ በጉብታው ዞሮ እስከ ተረከዝ። የመጨረሻውን ሰው ይረሳዋል፤ እግርህ ጫማው ውስጥ ይግባ አይግባ የሚወስነው ግን እሱ ነው። ቆመህ ይለካህ፣ ሁለቱንም እግር። ፎርማው ጀርባ ላይ ቁራጭ ቆዳ እንዲጨምር ንገረው። ምላሱ ቀጭን ይሁን፣ ቀዳዳው አምስት ጥንድ። ማስቲሹ ከመነካቱ በፊት፣ ሶሉ ሳይለጠፍ፣ የላይኛውን ቆዳ እግርህ ላይ አድርጎ ያሳይህ። ያን ጊዜ ነው ማረም የሚቻለው። ቀብድ ስትሰጥም ሙሉውን አትስጥ።