በብድር የተሠራ መንገድ ስንት ሰው ሥራ ያስይዛል?

በዚህ እትም መንግሥት ተበድሮ ስለሚሠራቸው መሠረተ ልማቶችና ይፈጥራሉ ስለሚባለው ሥራ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ «ተበድረን የምንገነባው ለወጣቱ ሥራ ይፈጥራል» ሲባል እሰማለሁ። ግንባታው ሲያልቅ ግን ሠራተኛው ይበተናል። የሚተርፈን ዕዳው ብቻ አይደለም ወይ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ሁለት ሥራዎች ይምታታሉ። የመጀመሪያው የግንባታ ሥራ ነው፦ የቀን ሠራተኛው፣ ግንበኛው፣ ፌሮ ሠራተኛው፣ ኦፕሬተሩ፣ ዘበኛው። ይህ በርክክብ ቀን ያልቃል፤ ማለቁም ጥፋት አይደለም። መጠየቅ ያለበት ከተበደርነው ገንዘብ ምን ያህሉ ለደመወዝ እንደዋለ ነው። በአስፋልት መንገድ ሥራ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ማሽን፣ ነዳጅና ሬንጅ ናቸው፤ ሦስቱም ከውጭ ይመጣሉ። ብድሩ የአበዳሪውን አገር ኮንትራክተር ቅጠሩ የሚል ግዴታ ካለበት ደግሞ ዕቃውና ባለሙያውም ከዚያው ስለሚመጡ ገንዘቡ አገር ቤት ሳይገባ ይመለሳል።

ሁለተኛው ግንባታው አልቆ አገልግሎት ሲጀምር የሚመጣው ሥራ ነው፤ ዕዳውን መክፈል የሚችለውም እሱ ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲን ባቡር ይመልከቱ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ይህ ሐዲድ በኢትዮጵያ በኩል ያለው ወጪ በአብዛኛው የተሸፈነው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። መስከረም 2009 ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ግን ታኅሣሥ 2010 ነው። በመሀል ያለፈው ዓመት ከሦስት ወር ለባቡሩ መደበኛ ገቢ አላመጣም፤ ብድሩ ግን መቁጠሩን አላቆመም። በ2010 ማብቂያ መንግሥት የመክፈያ ጊዜውን ከ10 ወደ 30 ዓመት ማስረዘም የግድ ሆኖበታል። ሐዲድ ብቻውን ጭነት አያነሳም፤ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ፣ የማራገፊያ ግቢ፣ ከመጋዘንና ከፋብሪካ የሚያገናኝ መስመር ይፈልጋል። እነዚህ በዋናው ብድር ውስጥ ካልተካተቱ ለብቻቸው በጀት እስኪገኝላቸው ድረስ ትልቁ ግንባታ ከአቅሙ በታች ይሠራል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ችግር ሌላ ነው። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ 85 በመቶው በብድር ተሸፍኖ፣ መስከረም 2008 ሥራ ጀመረ። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ቲኬቱ ግን በጥቂት ብር ይሸጣል። ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ የቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ለመግዣ ተበድሮ ለጥገና አለመመደብ የእኛ አገር ብቻ በሽታ ባይሆንም እኛ ጋ ሥር ሰድዷል።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ በፍጥነት ተሠርቶ በ2008 መጨረሻ ተመረቀ፤ ለ60,000 ሠራተኞች ታስቦ ነበር። ሼዱም መብራቱም ደረሰ። ይሁን እንጂ ገበያው በአመዛኙ አሜሪካ ስለነበር፣ ታኅሣሥ 2014 የአጎዋ (ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የመላክ) ዕድል ሲቋረጥ በጊዜው የደረሰው ሼድ ብቻውን ሥራውን ሊያቆየው አልቻለም። ስለዚህ የአንድን ብድር የሥራ ፈጠራ ተስፋ ሲመዝኑ «ስንት ሰው ይቀጠራል?» ከማለትዎ በፊት «የሚመረተውን ማን ይገዛል? በምን ገንዘብ?» ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ በማኅበር ተደራጅተን ኮብልስቶን እናነጥፋለን። አሁን «አስፋልት ይሻላል» እየተባለ ነው። ለተመሳሳይ ገንዘብ የበለጠ ሥራ የሚሰጠው የቱ ነው?

መልስ፦ ያለ ጥርጥር ኮብልስቶኑ፤ ግን ቦታውን ካወቀ። ስሌቱን እንሥራው። በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ ከነመገጣጠሚያው 11 ሴንቲ ሜትር ይይዛል፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 82 ገደማ ድንጋይ ያስፈልጋል ማለት ነው። 6 ሜትር ስፋትና 100 ሜትር ርዝመት ላለው የሰፈር መንገድ ከ49,000 በላይ ድንጋይ ይገባል። አንድ ጠራቢ በቀን 150 ያወጣል ብንል ጠረባው ብቻ 330 ያህል የሥራ ቀን ይወስዳል። ፈንቃዩ፣ ጫኙ፣ አንጣፊው፣ ከርብስቶን (የጠርዝ ድንጋይ) ተካዩ ገና አልተቆጠሩም። ድንጋዩ ከአካባቢው ስለሚወጣም ዶላር አይጠይቅም። ከተሞች ከ2000 ጀምሮ በዓለም ባንክ ገንዘብ ይደገፍ በነበረው የከተሞች የአካባቢ አስተዳደር ልማት ፕሮግራም ኮብልስቶን ያበዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

«አስፋልት ይሻላል» የሚለው ወሬ የሚመነጨው ከተበላሸ ሥራ ነው፤ ብልሽቱም ከላይ ካለው ድንጋይ ይልቅ ከሥሩ ይጀምራል። ዋልካ አፈር ላይ በቀጥታ ከተነጠፈ በመጀመሪያው ክረምት ይነሳል፤ አፈሩ ተቆርጦ ወጥቶ ሰለክት (የተመረጠ የመሙያ አፈር) መሞላት፣ በየንብርብሩ ውኃ እየጠጣ በሮለር መጠቅጠቅ አለበት። አሸዋው ከ5 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ያልተስተካከለ መደብን በአሸዋ መሸፈን የተለመደ ማታለያ ነው፤ ጎማ ሲረግጠው ይሰምጣል። ከርብስቶኑ ከንጣፉ በፊት ይተከል፤ አለዚያ ጠርዙ እየተገፋ ድንጋዩ ይላቀቃል። ውኃ እንዲወርድ ወደ ጎን ከ2 እስከ 3 በመቶ ተዳፋት ይሰጠው፤ ቦዩም ክፍት ይሁን። ሌላው የታወቀ ጠላት ከዓመት በኋላ የሚመጣው የውኃ ቧንቧ ቁፋሮ ነው፦ ቆፋሪው ሳይጠቀጥቅ ድንጋዩን መልሶ ይደረድርና ይሄዳል።

ከባድ መኪና የሚበዛበት ዋና መንገድ ላይ ግን አትከራከሩ፤ እዚያ አስፋልቱ ይሻላል።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር እንጨምር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተረጋገጠ ሥራ ወደሚቀጥለው ዓመት ይንከባለላል። ልኬቱን በየሳምንቱ ከተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ጋር ለክታችሁ አስፈርሙ። በተለይ የሰለክቱን ውፍረት ድንጋይ ሳይሸፍነው በፊት አስፈርሙ፤ ከተሸፈነ በኋላ ማንም አይመሰክርላችሁም።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ አንዴ የተበደርነው ዶላር በየዓመቱ ለምን እየከበደ ይሄዳል?

መልስ፦ ዶላሩ ያው ነው፤ የሚከብደው በብር ሲመነዘር ነው። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 2007 የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ (ለውጭ ባለሀብቶች በዶላር የሚሸጥ የዕዳ ሰነድ) በ6.625 በመቶ ወለድ ለአሥር ዓመት ሸጠች። ያኔ ዶላር 20 ብር ገደማ ስለነበር ዕዳው በብር 20 ቢሊዮን አካባቢ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነሳ፤ በዓመቱ ከ130 አለፈ። ያው ቢሊዮን ዶላር ከ130 ቢሊዮን ብር በላይ ሆነ ማለት ነው።

የዩሮቦንዱ ሌላ ጣጣ ዋናው ገንዘብ በማብቂያው ቀን በአንድ ጊዜ የሚከፈል መሆኑ ነበር። ወለዱ በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ታኅሣሥ 2016 ላይ መንግሥት ይህንኑ ሳይከፍል ቀረ። የስኳር ፋብሪካ ለመሥራት በዶላር ተበድሮ፣ ፋብሪካው ዘግይቶ፣ ሲደርስም ስኳሩን አገር ውስጥ በብር መሸጥ ሂሳቡ የማይገጥም ንግድ ነው። በዶላር የተወሰደ ብድር ዶላር በሚያስገባ ወይም የዶላር ወጪ በሚያስቀር ሥራ ላይ ቢውል ነው የሚያዋጣው። የሰፈር መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በብር ወይም ወለዱ እጅግ ባነሰ የረጅም ጊዜ ብድር ይሠሩ።

ጥያቄ (ከመርካቶ፣ አዲስ አበባ)፦ ከውጭ ከምንበደር መንግሥት ከአገር ውስጥ ባንኮች ቢበደር አይሻልም?

መልስ፦ ከምንዛሪ ሥጋት ይገላግላል፤ ግን ሒሳቡን እርስዎ ነጋዴው ይከፍሉታል። ከ2003 እስከ ኅዳር 2012 የግል ባንኮች ካበደሩት እያንዳንዱ ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን የብሔራዊ ባንክ ቢል (የዕዳ ሰነድ) እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ለእርስዎ 100 ብር ለማበደር ባንኩ 127 ብር ማግኘት ነበረበት። መጀመሪያ ላይ ቢሉ ለአምስት ዓመት ታስሮ 3 በመቶ ይከፍል ነበር፤ ባንኩ ግን ያኔ ለቆጣቢው ቢያንስ 5 በመቶ ይከፍል ነበር። ጉድለቱን ከማን አወጣው? ከተበዳሪው ወለድና ከአገልግሎት ክፍያ ነዋ! በዚያ ገንዘብ የሚደገፈው ትልቅ ፕሮጀክት ሥራ ሲፈጥር፣ ብድር የተከለከለው ትንሽ ወርክሾፕ ሳይቀጥር የቀረውን ሰው ማንም አልቆጠረውም።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ለከተማችን ውኃ የተወሰደውን ብድር ውል እንዴት ላገኝ እችላለሁ?

መልስ፦ ከውጭ የሚወሰድ ብድር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቆ በነጋሪት ጋዜጣ ይታወጃል፤ ርዕሱ ላይ «የብድር ስምምነት ማጽደቂያ አዋጅ» የሚለውን ይፈልጉ። አዋጁ አጭር ነው፤ መጠኑን፣ ወለዱን ወይም የአገልግሎት ክፍያውን፣ የእፎይታ ጊዜውን (ክፍያ ሳይጀመር የሚቆይበትን) እና የመክፈያ ዓመቱን ይነግርዎታል። ከዚያ የእፎይታ ጊዜውን ከግንባታው ውል ማለቂያ ቀን ጋር ያስተያዩ። እፎይታው 5 ዓመት ሆኖ ግንባታው 7 ዓመት ከወሰደ ውኃው ቧንቧ ሳይደርስ ክፍያው ይጀምራል። አጠቃላይ ዕዳው የት እንደደረሰ ለማየት ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር የሚያወጣውን የመንግሥት ዕዳ ስታቲስቲክስ መጽሔት ያንብቡ፤ እዚያ የማዕከላዊ መንግሥቱና የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ዕዳ ተለያይቶ ተቀምጧል።