መልስ፦ ረጅም ትእዛዝ ተርሚናል ላይ ቶሎ ለማረም

ወንድሜ፣ ከደብረ ማርቆስ ሆነህ ባሕር ዳር ያለው ሰርቨር ላይ በኤስኤስኤች (ሩቅ ያለ ኮምፒውተርን ከተርሚናል በኔትወርክ ማዘዣ) ስትሠራ፣ የረጅም ትእዛዝ መጀመሪያ ሲሳሳትብህ በቀስት ቁልፍ ፊደል በፊደል መመለሱ እንዳሰለቸህ ጽፈሃል። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ እያንዳንዷ ምት ሰርቨሩ ደርሳ እስክትመለስ ስለምትጠብቅ ነው። ባሽ (ተርሚናሉ ውስጥ ትእዛዝህን የሚቀበለው ፕሮግራም) ላይ እንዲህ አድርግ።

ኮንትሮል ይዘህ ኤ (A) ስትጫን ጠቋሚው ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይሄዳል፤ ኢ (E) ስትጫን ወደ መጨረሻው። ሱዶ (ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚያስኬደው ቃል) ረስተህ ፈቃድ የለህም ካለህ የላይ ቀስት፣ ኮንትሮል ኤ፣ ሱዶና ክፍተት፣ ከዚያ ኢንተር። ቃል በቃል ለመዝለል ኦልት ቢ ወደ ግራ፣ ኦልት ኤፍ ወደ ቀኝ።

ከሁሉም የሚጠቅመው ግን ቆርጦ ማስቀመጡ ነው። ትእዛዙን አጋምሰህ የፎልደሩን ስም ማየት አስፈለገህ እንበል፤ አታጥፋው። ኮንትሮል ዩ ከጠቋሚው በግራ ያለውን ሁሉ ቆርጦ ይይዝልሃል። በኤልኤስ (የፎልደር ይዘት በሚዘረዝረው ትእዛዝ) አይተህ ስትመለስ ኮንትሮል ዋይ መልሶ ያመጣዋል። ኮንትሮል ኬ በቀኝ ያለውን ሁሉ፣ ኮንትሮል ደብልዩ በግራ ያለውን አንድ ቃል ይቆርጣሉ። በባሽ ፈንታ ዚ ሼል የሚባለው ላይ ከሆንክ ግን ኮንትሮል ዩ መስመሩን በሙሉ ነው የሚወስደው። ብራውዘር ውስጥ በተከፈተ ተርሚናል ደግሞ ደብልዩን ተጠንቀቅ፣ ታቡን ሊዘጋብህ ይችላል።

የቆየ ትእዛዝ ለመፈለግ ኮንትሮል አር ብለህ ጥቂት ፊደል ጻፍ፤ የፈለግኸው ካልመጣ አርን ድገም። በስህተት ኮንትሮል ኤስን ከነካህ ስክሪኑ ይደርቃል። ሰርቨሩ አልሞተም፤ ተርሚናሉን ሳትዘጋ ኮንትሮል ኪው ተጫን፣ ይፈታል።

ቁልፎቹ እምቢ ካሉህ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳልቀረ እይ።