የማሳዬ ዳር አጋምና ሾላ ይነቀል ወይ?

ጥያቄ፦ በማሽላ ማሳዬ ዳር ከአባቴ የቆየ አጥር አለ። አጋም፣ ኮሽም፣ ቀጋና እንጆሪ ተጠላልፎበታል። ጫፉ ላይ ትልቅ ሾላ አለ። ጎረቤቴ «ይሄ የወፍ ማደሪያ ነው፤ እህልህን የሚያስበላህ እሱ ነው፤ መንጥረህ ባህር ዛፍ ትከልበት» ይለኛል። ምን ይሻለኛል? (አርሶ አደር፣ ከደቡብ ጎንደር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይመንጥሩት። ጎረቤትዎ ግማሽ እውነት አለው፤ ፍሬ ያለበት አጥር ወፍ ይሰበስባል። ነገር ግን ሾላ ላይ የሚውለው ወፍና ማሽላ የሚያራግፈው ወፍ በአብዛኛው የተለያዩ ናቸው።

እህል በሊዎቹን ያውቋቸዋል። ቆላ ለቆላ በመንጋ የሚዞረው ግሪሳ አለ። ጎጆ የሚያንጠለጥሉት ቢጫ ወፎች አሉ። ምንቃራቸው አጭርና ወፍራም ነው፤ የተሠራውም ደረቅ ዘር ለመፈልፈል ነው። አጋም ቢጠፋባቸው አይራቡም፤ አጋም ቢበዛላቸውም ማሽላዎን አይተዉም። ቢጫዎቹ አጥሩ ላይ ሊያርፉ፣ ጎጆም ሊሠሩ ይችላሉ። አጥሩን ቢያነሱት ግን ወደ ቀጣዩ ዛፍ ይዛወራሉ እንጂ አገር ለቀው አይሄዱም።

ፍሬ በሊዎቹ ሌሎች ናቸው። ሶሪትን አይተው ይሆናል፤ አረንጓዴ ሰውነት፣ ነጭ ጉንጭ፣ ስትበር ደም የመሰለ ቀይ ክንፍ። (ያ ቀለም ውስጡ መዳብ አለበት፤ እንዲህ ያለ ቀለም ከሶሪት ዘመዶች ውጪ በሌላ ወፍ ላይ አይታይም።) ኑሮዋ ፍሬ ነው፤ ማሽላ አትነካም። የጫካ እርግቦችም ሾላ፣ ዶቅማና ወይራ ይወዳሉ። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው በበጋ ወደ እኛ ደጋ የሚመጡ ትንንሽ ወፎችም ፍሬ ይለቅማሉ።

እኔን ማመን የለብዎትም። ጠዋት ሾላው ሥር ይሂዱና ድንጋይ ላይ የወደቀውን ኩስ በስንጥር ገለጥ ያድርጉት። ሐምራዊ ወይም ቡናማ ነው። በውስጡ የሾላ ዘር እንደ አሸዋ ተበትኗል፤ የአጋም ዘርም ሳይሰበር ይገኛል። አጠገቡ ሥጋው ተልጦ የተተፋ የወይራ ፍሬ ካገኙም ያው የፍሬ በሊ ወፍ ሥራ ነው። እህል በሊ ወፍ ዘሩን ሆዱ ውስጥ ፈጭቶ ስለሚጨርስ ኩሱ ውስጥ ሙሉ ዘር ማግኘት ብርቅ ነው። ዘሩ ሙሉ ሆኖ ከወጣ የበላው ማን እንደሆነ ያኔ ይለያሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እርስዎ ዘንድ የቀረው ደን በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ነው። አንዱ ደብር ከሌላው ይርቃል፤ መሀሉ እርሻና ግጦሽ ነው። ወይራው፣ ዶቅማው፣ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ ዘሩን ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው የሚያሻግርለት ወፍ ነው። ከዝንጀሮና ከጦጣ በቀር ይህን የሚሠራ ብዙ የለም። የጫካ ወፍ ደግሞ ገላጣ ሜዳ ላይ ብዙ መብረር አይወድም፤ በየመሀሉ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል። የእርስዎ አጥር ያ ማረፊያ ነው። ወፉ አርፎ ኩሱን ይጥላል፣ ዘሩ ቁጥቋጦ ሥር ይወድቃል። ወይራ ባዶ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ፀሐይና ከብት ይጨርሱታል፤ በእሾህ ሥር ግን ጥላ አግኝቶ ያድጋል። አጥሩ ውስጥ ማንም ያልተከለው የወይራ ችግኝ ካለ ከዚህ የመጣ ነው።

ሾላው የተለየ ቦታ አለው። አብዛኞቹ የዱር ፍሬዎች ወቅት አላቸው፤ ሲያልቁ ያልቃሉ። ሾላ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አያፈራም፤ ይሄኛው ሲያበቃ ያኛው ይጀምራል። ስለዚህ ሌላው ዛፍ ባዶ በሆነበት ወር ወፉን የሚያኖረው ሾላ ነው። በአካባቢው ካሉት ጥቂት ሾላዎች አንዱ ሲቆረጥ የሚጎድለው የአንድ ዛፍ ፍሬ ብቻ አይደለም፤ በዓመቱ ውስጥ የረሃብ ሳምንት ይከፈታል።

ነገሩ ወደ ደቡብ ሲሄዱ የባሰ ነው። በነገሌ ቦረና አካባቢ ከዓለም ሁሉ እዚያ ብቻ የሚገኝ ሌላ የሶሪት ዓይነት አለ። ጣሊያናዊው አሳሽ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወፉን ያዘ፤ ከየት እንደያዘው ሳይጽፍ ግን ዝሆን ገደለው። መኖሪያው የታወቀው ከአርባ ምናምን ዓመት በኋላ ነው። እሱም የሾላና የዱር ፍሬ ጥገኛ ነው፤ ፍሬ ያላቸው ዛፎች ባለቁ ቁጥር እሱም ይሳሳል።

ይህን ሁሉ ስል ወፍ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ።

አንደኛው የወፍ ቆሎ ነው። ቅጠሉ ሻካራ፣ ሽታው የሚከረፋ፣ አበባው ቢጫና ቀይ ወይም ሮዝ ተቀላቅሎ በዘለላ የሚወጣ፣ ፍሬው ሲበስል የሚጠቁር ቁጥቋጦ ነው። ስሙ እንደሚለው ወፍ ይወደዋል፤ በየአጥሩም ይዘራዋል። ከውጭ የመጣ መጤ አረም ነው። ከብት መኖ አጥቶ ቅጠሉን ከበላው ጉበቱ ይጎዳል፣ ፀሐይ ሲመታው አፍንጫውና ነጣ ያለው ቆዳው ይላጣል። እንዲህ ያለ ከብት ካዩ ጥላ ውስጥ አስገብተው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። አጥርዎ ውስጥ አንድ እግር እንኳ ካገኙ ፍሬ ሳያጠቁር ከነሥሩ ይንቀሉት። በገጀራ ቢመቱት ብዙ ሆኖ ይነሳል፤ መቆፈር ነው እንጂ መቁረጥ አይሆንም።

ሁለተኛው ተቀጽላ ነው፤ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ተክል ማለት ነው። ዘሩ የሚያጣብቅ ስለሆነ ወፍ በልቶ ምንቃሩን ወይም ቂጡን ቅርንጫፍ ላይ ሲጠርግ እዚያው ይበቅላል። የጓሮ ብርቱካን ወይም አቮካዶ ካለዎት በየጊዜው ቀና ብለው ይመልከቱ። ካዩት ከተጣበቀበት ዝቅ ብለው ቅርንጫፉን ይቁረጡ። ተቀጽላውን ብቻ መልጠም ዋጋ የለውም።

ጓሮ ፓፓያና ቲማቲም ካለ ደግሞ ጅራተ ረጅሟ ግራጫ ወፍ ትመጣለች፤ በመንጋ እየዞረች ፍሬም ቅጠልም ትበላለች። ፍሬውን በጆንያ መሸፈን ነው።

ለማሽላው ያለኝ ምክር አጭር ነው። ከጎረቤቶችዎ ጋር ተመሳሳይ ጊዜ ይዝሩ፤ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የደረሰ ማሳ ብቻውን ይበላል። ወተት ሲይዝ ጥበቃው ማማ ላይ ይጠንክር። ከደረሰ በኋላ ቆሞ አይሰንብት። ቀይና መረር ያለ ፍሬ ያለውን ዘር ወፍ ብዙም አይደፍረውም፤ ቢያንስ ጫካ የሚጠጋውን የማሳ ዳር በእሱ ቢይዙት ይጠቅማል።

ባህር ዛፍስ? ገንዘብ ነው፣ አልክድም። የማገዶና የቤት መሥሪያ ጣጣም ያቃልላል። ግን እህል ዳር አይሁን፤ ውኃውንና አፈሩን ከማሽላው ጋር ይሻማል። ለእርሻ የማይሆን ዳገት ካለዎት እዚያ ይትከሉት። ፍሬው ደረቅ ስለሆነ ሶሪት ምንም አታገኝበትም።

አጥሩን ማስተካከል ከፈለጉ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ኮሽም ወንድና ሴት አለው። ወንዱ አያፈራም፤ ሰው «መካን ነው» ብሎ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ሴቷም ማፍራት ታቆማለች። ጽድና ዝግባም እንደዚሁ ናቸው። በአበባ ጊዜ ምልክት ያድርጉባቸውና ጥቂት ወንድ ይተዉ። ክርከማውን ፍሬው ካለቀ በኋላ ያድርጉ። ሁሉንም በአንድ ዓመት አይንኩ፤ ዘንድሮ ግማሹን፣ ለከርሞ ግማሹን። ጎጆ ያለበትን ቁጥቋጦ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ይለፉት።

ክፍተቱን ለመሙላት ዶቅማ ጥሩ ነው፤ ግን ዘሩ ደርቆ አይቆይም። ፍሬው ሲበስል ሰብስበው፣ ሥጋውን አጥበው፣ በዚያው ሰሞን ይዝሩት። ከርሞ እዘራለሁ ብለው ማድጋ ውስጥ ካስቀመጡት አይበቅልም። አጋምም ከትኩስ ዘር ይሻላል። ሾላ ደግሞ ከቅርንጫፍ ይነሳል፤ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለውን ቆርጠው ዝናቡ ሲጀምር በጥልቀት ይትከሉት፤ እስኪይዝም ከከብት ይጠብቁት። ችግኝ ጣቢያ ሲሄዱ ወይራና ጥቁር እንጨት እንዳላቸው ይጠይቁ፤ ካልጠየቋቸው ባህር ዛፍና ግራቪሊያ ነው የሚሰጡዎት።